ፕሮሶፒስን ከድንጋይ ከሰል ጋር በሲሚንቶ ኪልን ማቃጠል፦ 20 በመቶ ያስኬዳል?

ኪልን_ጠባቂ

ሰላም ለመድረኩ። የሙቀቱን 20 በመቶ ከፕሮሶፒስ፣ አፋር ላይ «ወያኔ» ከሚሉት ዛፍ፣ ለማምጣት የሚያስብ ፋብሪካ ምን ምን ማዘጋጀት እንዳለበት ሐሳባችሁን ፈልጌ ነው። ለስሌት እንዲመች አንድ መስመር እንውሰድ፦ በቀን 3,000 ቶን ክሊንከር (ኪልን በተባለው ምድጃ ተቃጥሎ የሚወጣ፣ ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆን ኳስ)፣ ደረቅ አሠራር፣ ፕሪሂተርና (ጥሬ ዱቄቱን በሳይክሎኖች የሚያሞቅ ማማ) ካልሳይነር (ከኪልኑ በፊት ኖራ ድንጋዩን የሚያቃጥል ክፍል) ያለው፣ የሙቀት ፍጆታው በቶን ክሊንከር 3.4 ጊጋ ጁል። ከሰሉ በኪሎ 6,000 ኪሎ ካሎሪ፣ ማለትም በቶን 25 ጊጋ ጁል ገደማ፤ አመዱ 15 በመቶ። የክሎሪን ባይፓስ (ክሎሪን ያለበትን ጋዝ የሚያስወጣ የጎን መስመር) የለውም።

የቀረበው ሐሳብ እንዲህ ነው፦ እንጨቱን ከትፎ ከሰሉ ክምር ላይ በሎደር ማደባለቅና በከሰል ወፍጮው አብሮ መፍጨት። አዲስ ማሽን ስለማይገዛ ወጪ የለውም፣ ነዳጁም ታዳሽ ነው ይላሉ። ሂሳቡም በቀን 408 ቶን ከሰል ይቃጠላል፣ 20 በመቶው 82 ቶን ነው፣ ስለዚህ 82 ቶን እንጨት ይበቃል የሚል ነው። ልክ ነው?

ካልሳይነር

ሁለቱም ልክ አይደሉም። የእንጨቱን መጠን ለሌላ ሰው ልተውና ወፍጮውን ልያዝ።

ከሰል ይሰባበራል፤ ሮለሩ ሲጫነው ይደቃል። እንጨት ግን ጭረት (ቃጫ) ነው፤ ሮለር ሲጫነው ይጨፈለቃል እንጂ አይደቅም። የተጨፈለቀው ከሰፓራተሩ (ደቃቁን ከሻካራው ከሚለየው) እየተመለሰ ጠረጴዛው ላይ ይከማቻል፣ በወፍጮው መግቢያና መውጫ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ይወጣል፣ ሞተሩ አምፔር ይስባል፣ ኦፕሬተሩም ምግቡን ይቀንሳል። ያን ጊዜ የከሰሉም ልመት ተበላሸ፣ የዋናው በርነር (የኪልኑ ራስ ላይ ያለው ማቃጠያ) ነበልባልም ተበላሸ ማለት ነው። በውጭ አገር የኃይል ማመንጫዎች አብሮ መፍጨት ይሠራል፤ እሱ ግን ብዙውን ጊዜ ከ5 በመቶ በማይበልጥ ደረቅ ሰጋቱራ ወይም ፔሌት (የተጨመቀ የእንጨት ዱቄት እንክብል) ነው። ፔሌት ሲጨመቅ አስቀድሞ የደቀቀ ስለሆነ ወፍጮው የሚሠራው ወደ ቀድሞ ዱቄቱ መመለስ ብቻ ነው። የተከተፈ ጥሬ እንጨት ሌላ ነገር ነው።

ከዚህ የከፋው እሳቱ ነው። የከሰል ተናኝ ጋዝ ከ25 እስከ 35 በመቶ ቢሆን ነው፤ የእንጨት ከ70 እስከ 80 በመቶ ይደርሳል። ወደ ወፍጮው የሚገባው አየር 250 ዲግሪ ሲሆን እርጥብ ከሰልን ያደርቃል፣ ጥግ ላይ የተኛ ደረቅ የእንጨት ጭረትን ግን ያጨሳል። የጨሰው ጭረት ከከሰል ብናኝ ጋር ባግ ፊልተር (ብናኝ የሚይዝ የጨርቅ ማጣሪያ) ውስጥ ሲደርስ ምን እንደሚፈጠር ማስረዳት አያስፈልግም።

ስለዚህ እንጨቱ የራሱ መስመር ኖሮት በቀጥታ ካልሳይነር ይግባ። ዋናው በርነር አይሆንም፤ እዚያ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነ ዱቄት ካልሆነ በአየር ላይ ሳለ ነዶ አያልቅም። ሳይነድ ክሊንከሩ ላይ የወደቀ እንጨት ኦክስጅኑን ከሥሩ ይወስድበታል፤ ኳሱን ሰብራችሁ ስታዩት ውስጡ ቡናማና ቢጫ ይሆናል። ካልሳይነር ግን ከ850 እስከ 900 ዲግሪ ይበቃዋል፣ ከነዳጁም 60 በመቶ ያህሉ የሚገባው እዚያ ነው። ለ20 በመቶ ሰፊ ቦታ አለ።

መስመሩ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ሲታይ፦ ካልሳይነሩ መግቢያ ላይ ድርብ ፍላፕ ቫልቭ (አየር ሳያስገባ እንጨቱን የሚያሳልፍ ባለ ሁለት ክዳን በር)፤ ከእሱ በፊት የሚመዝን ቤልት፤ ከእሱ በፊት ወለሉ የሚንቀሳቀስ ማከማቻ፤ ከእሱ በፊት ወንፊትና ማግኔት። ማከማቻው እንደ ከሰል ሆፐር ወደ ታች የሚጠብ ቅርጽ አይኑረው። የእንጨት ስንጣሪ እርስ በርሱ ይቆላለፍና ድልድይ ይሠራል፤ ከላይ ሙሉ ሆኖ ከታች ምንም አይወርድም። ከዚያ ሰው በዘንግ ሊጎረጉር ይወጣና አደጋ ይመጣል።

የስንጣሪው ርዝመት ከ30 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ ከ5 ባይበልጥ ጥሩ ነው። ጋዙ ካልሳይነር ውስጥ የሚቆየው ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ነው። ወፍራሙ ተንሳፍፎ ከመንደድ ይልቅ ቁልቁል ወደ ኪልን መግቢያ ይወድቃል፤ እዚያ ኦክስጅን አጥሮ ይጨሳል፣ ሰልፈሩን ከጥሬ ዕቃው ያስለቅቃል፣ ራይዘሩ (ጋዙ ከኪልን መግቢያ ወደ ላይ የሚወጣበት ቱቦ) ላይ ቢልዳፕ (የጠጠረ ልጣፍ) ይጋግራል። «እንጨት ጀምረን ሳይክሎን ይዘጋብን ጀመር» የሚል ቅሬታ ስትሰሙ መጀመሪያ ወንፊቱን ሂዱና እዩት።

ሚዛን

የእንጨቱን ቶን እኔ ልውሰደው። መተካት ያለበት ሙቀት እንጂ ክብደት አይደለም።

በቀን 3,000 ቶን በ3.4 ሲባዛ 10,200 ጊጋ ጁል። 20 በመቶው 2,040። ሙሉ በሙሉ የደረቀ እንጨት በቶን 18.5 ጊጋ ጁል ገደማ ይሰጣል። እርጥበት ሲኖረው ውሃው ራሱ ሙቀት ስለማይሰጥ አንድ ጊዜ ይቀንሳል፣ ለመትነን ደግሞ በቶን ውሃ 2.44 ጊጋ ጁል ስለሚበላ ሁለተኛ ይቀንሳል።

እርጥበት 20 በመቶ ሲሆን፦ 18.5 × 0.8 ሲቀነስ 2.44 × 0.2፣ 14.3 ጊጋ ጁል በቶን። በቀን 143 ቶን ያስፈልጋል።
እርጥበት 40 በመቶ ሲሆን፦ 10.1 ጊጋ ጁል በቶን። በቀን 202 ቶን።

82 ቶን የምትሉት እንጨት የትም የለም።

አሁን ደግሞ ይዘቱን እዩ። የደረቀ ስንጣሪ አንድ ሜትር ኩብ 250 ኪሎ ያህል ቢመዝን 143 ቶኑ ወደ 570 ሜትር ኩብ ይሆናል። የሚተካው 82 ቶን ከሰል ግን 100 ሜትር ኩብ አይሞላም። ቤልቱ፣ ማከማቻው፣ ሎደሩ ሁሉ ስድስት እጥፍ ይዘት ሊያስተናግድ ነው። 60 ሜትር ኩብ የሚይዝ ተሳቢ ሞልቶ የሚጭነው 15 ቶን ብቻ ነው። በቀን 10 መኪና ማለት ነው፣ ቅዳሜና እሁድን ጨምሮ፤ ኪልን ሰንበት አያውቅም።

ኪልን_ጠባቂ

እናመሰግናለን፣ ዓይን የሚገልጥ ነው። መኪና ከቀነሰልን እንጨቱን ሳይከተፍ በግንዱ ጭኖ ፋብሪካ ላይ መከተፍ አይሻልም? ሌላ፦ አቅራቢው «እርጥበቱ 30 በመቶ ነው» ብሏል፤ የትኛውን ስሌት ልያዝ?

አዋሽ_ዳር

ፕሮሶፒስ ባሕር ዛፍ አይደለም ወንድሜ፤ ቀጥ ያለ ግንድ አትጠብቅ። የተጣመመ፣ ከሥሩ ብዙ ሆኖ የሚወጣ፣ እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። በግንዱ ስትጭነው ግማሹ አየር ነው። እዚያው ከትፎ መጫን ይሻላል፤ ግን ከመከተፉ በፊት መድረቅ አለበት።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን፦ ቆርጦ፣ ቅርንጫፉን ሳይነኩ እዚያው አጋድሞ ቅጠሉ እስኪረግፍ መተው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ከግንዱ ውሃ ይስባል፤ በኋላም ከነክሎሪኑና ከነፖታሲየሙ መሬት ላይ ይቀራል። በአፋር ፀሐይና ነፋስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙ ውሃ ይለቃል። ከዚያ መከተፍ። እርጥቡን ከትፈህ ብትከምረው ግን አይደርቅም፣ ይሻግታል፣ ይሞቃል።

መሬት ለመሬት መጎተት ክልክል ይሁን። አሸዋና አፈር የያዘ ቅርፊት የቺፐሩን (የመከተፊያ ማሽኑን) ቢላዋ ይበላዋል፤ እንጨቱ ራሱም ጠንካራ ነው። ትርፍ ቢላዋ ሳይያዝ ወደ ሜዳ መውጣት የለም። የጎማው ነገር ደግሞ አለ፦ እሾሁ ተራ የትራክተር ጎማ ይበሳል። አየር የማይዝ ድፍን ጎማ ወይም ፎም የተሞላ ያስፈልጋል። በጀት ላይ ይህን የሚጽፍ ሰው የለም፤ ሥራውን የሚያቆመው ግን እሱ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ይህ ዛፍ ከመሬት በላይ ሲቆረጥ አይሞትም፤ ከጉቶው አጎንቁሎ ከበፊቱ የጠነከረ ጥሻ ይሆናል። እንዲጠፋ ከተፈለገ ከመሬት በታች ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ሥሩን መቁረጥ ግድ ነው። እዚህ ላይ የፋብሪካውና የአርብቶ አደሩ ፍላጎት ይለያያል። ፋብሪካው በየጥቂት ዓመቱ ተመልሶ የሚያጭደው ጥሻ ቢያገኝ ደስ ይለዋል፤ አርብቶ አደሩ ሣሩን ነው የሚፈልገው። ውሉ ላይ «ጉቶው ይነቀላል፣ መሬቱ ሣር ይዘራበታል» ካልተባለ የግጦሽ መሬት ማስመለስ የሚባለው ወሬ ነው።

ዘሩን አትርሱ። ከብትና ፍየል ቆባውን (ዘሩን የያዘውን ፍሬ) በልተው በበጠጣቸው ነው እዚህ የደረሰው። ቆባ ተሸክሞ የቆመ ዛፍ ተከትፎ ባልሸፈነ መኪና ከተጓዘ መንገዱን ሁሉ ትዘራላችሁ። ሸራ ይልበስ፤ ቆባውም አስቀድሞ ተለቅሞ ይፈጭ። በደንብ ከተፈጨ ዘሩ ይሞታል፣ መኖም ይሆናል።

ላብ_9

የ30 በመቶውን ጥያቄ ልመልስ። መጀመሪያ አቅራቢውን «በእርጥብ ክብደት ነው በደረቅ ክብደት?» ብለህ ጠይቀው። 100 ኪሎ እርጥብ እንጨት ደርቆ 70 ኪሎ ከቀረ፣ በእርጥብ ክብደት 30 በመቶ ነው፤ በደረቅ ክብደት ግን 43 በመቶ ይባላል። የእንጨት ነጋዴና የደን ባለሙያ ብዙ ጊዜ በደረቅ ክብደት ይናገራሉ፤ የነዳጅ ሰው በእርጥብ። ሚዛን የሠራው ቀመር በእርጥብ ክብደት ነው። ሁለቱ ተደባልቀው ውል ሲፈረም ያየ ያውቀዋል።

አለካኩ ቀላል ነው፣ ናሙናው ነው ከባዱ። ከአንድ መኪና ላይ ከላይ ብቻ አትዝገኑ፤ ላዩ ፀሐይ አድርቆታል። ሲገለበጥ ከተለያየ ቦታ ቢያንስ አምስት ጊዜ ወስዶ ማደባለቅ፣ ወዲያው ላስቲክ ውስጥ ማሰር። ከዚያ 105 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም፤ ለስንጣሪ አንድ ሌሊት ያስፈልገዋል። ክፍያው በቶን ሳይሆን በጊጋ ጁል ይሁን። በቶን ከከፈላችሁ ውሃ ነው የምትገዙት፤ አቅራቢውም ለማድረቅ ምንም ምክንያት አይኖረውም።

ክሎሪን፦ ባይፓስ የሌለው ኪልን ላይ በጠቅላላ የሚገባው ክሎሪን በቶን ክሊንከር 300 ግራም አካባቢ ሲደርስ ችግር ይጀምራል። እንጨቱ 0.1 በመቶ ክሎሪን ቢኖረው እንኳ 143 ቶን የሚያመጣው 143 ኪሎ ነው፤ ለ3,000 ቶን ሲካፈል 48 ግራም። ስለዚህ በ20 በመቶ እንጨት የሚያስፈራ አይደለም። ግን ጥሬ ዕቃውና ከሰሉ ስንት እንደሚያመጡ ሳይታወቅ «ይበቃል» አይባልም። ፕሮሶፒስ ጨዋማ አፈር ላይም ስለሚበቅል ከየቦታው ለየብቻ ይለካ። የሰሊጥ አገዳና የቡና ገለፈት ለመቀላቀል ካሰባችሁ ፖታሲየሙና ክሎሪኑ እንደ አዲስ ይሰላ፤ እንደ ግንድ አትዩአቸው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ ይህ ነው፦ ከሰል ሲቀንስ የከሰሉ አመድም ይቀንሳል። 82 ቶን በ15 በመቶ 12 ቶን አመድ ነው፣ አብዛኛው ሲሊካና አሉሚና። ከክሊንከሩ 0.4 በመቶ ይሆናል። የእንጨት አመድ በጣም ጥቂት ነው፣ እሱም አብዛኛው ካልሲየም። ጥሬ ዕቃው ሳይስተካከል ከቀረ የክሊንከሩ ኤልኤስኤፍ (የኖራ ሙሌት መለኪያ) ከ1 ነጥብ በላይ ይወጣል፤ ነጻ ኖራው (ሳይዋሃድ የቀረው) ይጨምራል፣ ኦፕሬተሩም እንጨቱን ይረግማል። ጥፋቱ ግን የኛ የላቦራቶሪው ነው። አመዱ 25 ወይም 30 በመቶ የሆነ ከሰል ሲሆን ለውጡ እጥፍ ይሆናል።

ጠርጣራ

ስለ ቫልቭና ወንፊት ጥሩ ተባለ። «ታዳሽ» የሚለውን ቃል ግን ማን ይጠይቅ? እንጨት ሲነድ ከከሰል ያነሰ ካርቦን ያወጣል ወይ?

ሚዛን

ከጭስ ማውጫው አያንስም፣ ይበልጣል። በአይፒሲሲ (የመንግሥታቱ ድርጅት የአየር ንብረት ሳይንስ ጉባኤ) መደበኛ ቁጥር አንድ ጊጋ ጁል ከቢቱሚነስ ከሰል 94.6 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከእንጨት 112። ለዚህ ፋብሪካ ስናሰላው 2,040 ጊጋ ጁሉ በከሰል 193 ቶን በቀን፣ በእንጨት 228 ቶን። የእንጨቱ ዜሮ የሚባለው የተቆረጠው ዛፍ በደንና መሬት ሂሳብ ላይ ስለሚመዘገብ ነው። ዛፉ ተመልሶ ከበቀለ ሂሳቡ ይዘጋል፤ ካልበቀለ ዕዳ ነው።

ፕሮሶፒስ ላይ ነገሩ የተለየ ይመስለኛል። አሁን ባለው አካሄድ እየተቆረጠ ከሰል ይከሰላል ወይም ሜዳ ላይ ይቃጠላል፤ ያ ካርቦን ለማንኛውም ይወጣል። አዋሽ_ዳር እንዳለው ተነቅሎ ሣር ከተዘራበት ግን «ተመልሶ ይበቅላል» ማለት አንችልም። ሁለቱን ጥቅም አንድ ላይ መቁጠር አይቻልም፦ ወይ ወራሪ ዛፍ አጠፋን፣ ወይ ታዳሽ ነዳጅ አለማን።

ደግሞ ትልቁ ቁጥር ሌላ ቦታ ነው ያለው። ኖራ ድንጋዩ ራሱ በሙቀት ሲፈርስ በቶን ክሊንከር ግማሽ ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። በቀን 1,500 ቶን ገደማ። እንጨት ብታነዱ ኒውክሌር ብታነዱ ይህ አይነካም።

ጠርጣራ

የመኪናው ናፍጣስ?

ሚዛን

ደርሶ መልስ 400 ኪሎ ሜትር፣ በመቶ ኪሎ ሜትር 45 ሊትር ብንል 180 ሊትር፤ 6.5 ጊጋ ጁል ነው። የጫነው 15 ቶን 214 ጊጋ ጁል ይይዛል። 3 በመቶ። በኃይል ደረጃ ትንሽ ነው፤ በብር ደረጃ ግን ትንሽ አይደለም፣ ፕሮጀክቱን የሚገድለው እሱ ሊሆን ይችላል።

ቀጭኑ

ታዲያ ለምን መጀመሪያ አይከሰልም? የእንጨት ከሰሉ ቀላል ነው፣ በወፍጮም ይደቃል።

ካልሳይነር

ይደቃል፣ እውነት ነው። ግን በአፈር ጉድጓድ ሲከሰል ከእንጨቱ ሙቀት ከግማሽ በላይ ጭስ ሆኖ ይሄዳል። አንድ ኪልን ለመመገብ እጥፍ ዛፍ መቁረጥ ነው። መሐል ላይ ያለው መንገድ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ያለ አየር መጥበስ ነው፤ ሙቀቱን ብዙም ሳይለቅ ተሰባሪ ያደርገዋል። ግን እሱ ራሱን የቻለ ፋብሪካ ነው። ካልሳይነር ጥሬውን እየበላ ለምን እንጠብሳለን?

ብናኝ

ስለ ማከማቻው ማንም አላነሳም። በየካቲት 2012 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ቲልበሪ ማመንጫ ከከሰል ወደ እንጨት በተቀየረ በጥቂት ወራት ውስጥ የፔሌት ማከማቻው ተቃጥሏል። የከሰል ጓሮ አያያዝ ለእንጨት አይሠራም።

እርጥብ ስንጣሪ ክምር ውስጥ ባክቴሪያና ሻጋታ ይሠራሉ፤ መጀመሪያ ሙቀቱ 60 ዲግሪ ይደርሳል፣ ከዚያ ኬሚካላዊው ምላሽ ይረከበዋል። ክምሩን ሎደር እየወጣበት አይጠቅጥቀው፤ የተጠቀጠቀ ንብርብር ሙቀት አያሳልፍም፣ እሳት የሚነሣው ከዚያ ጠርዝ ነው። ከፍታው ከ6 ወይም 7 ሜትር አይለፍ፤ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ፤ ረጅም የብረት ቴርሞ ሜትር በየቀኑ ይሰካበት። ሙቀቱ 70 ካለፈ ክምሩን መክፈት ነው፣ በውሃ ማርከፍከፍ አይደለም። ላዩን ያረጠበ ውሃ መሐሉ አይደርስም።

የተዘጋ ማከማቻ ሲሆን ደግሞ ሌላ ገዳይ አለ፦ ከእንጨቱ የሚወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ሽታ የለውም። ጋዝ መለኪያ ሳይዝና ውጭ ሰው ሳያቆም ማንም አይግባ። ቤልቱ ሥር የተጠራቀመ ዱቄት በየፈረቃው ይጠረግ፣ በተጨመቀ አየር ግን አይነፋ፤ የተነፋ የእንጨት ብናኝ ፈንጂ ነው።

ኪልን_ጠባቂ

አይዲ ፋናችን (ጋዙን ከኪልኑ የሚስበው ትልቁ ማራገቢያ) ከአሁኑ ዳምፐሩ (የአየር በሩ) ሙሉ ክፍት ነው እየሠራ ያለው። ይህ ያሳስበኛል። ሥራው ሲጀመርስ በስንት በመቶ ልግባ?

ካልሳይነር

እንግዲያው ይህን ነበር መጀመሪያ መናገር። ከሁሉ በፊት እርጥበቱ ላይ ጨክኑ። 202 ቶን በ40 በመቶ እርጥበት በቀን 81 ቶን ውሃ ይዞ ይገባል፤ በሰዓት 3.4 ቶን፣ በእንፋሎት 4,200 ኖርማል ሜትር ኩብ። የዚህ መጠን ኪልን ጋዝ በሰዓት 190,000 ገደማ ቢሆን 2 በመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ፋኑ ትርፍ ከሌለው ግን ያቺ 2 በመቶ ከክሊንከሩ ነው የምትቀነሰው፣ በቀን 60 ቶን። በ20 በመቶ እርጥበት ጉዳቱ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ፋኑን ከመቀየራችሁ በፊት የውሸት አየር (በቀዳዳ ሾልኮ የሚገባውን) ፈልጉ፦ የሳይክሎን በሮች፣ የኪልን መግቢያ ማኅተም። ብዙ ጊዜ የጎደለው ጋዝ እዚያ ነው የሚገኘው። አዲሱ የእንጨት ቫልቭም ራሱ ቀዳዳ እንዳይሆንባችሁ፤ ጭራሮ ተሰንቅሮበት በግማሽ ተከፍቶ የቀረ ፍላፕ ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ አየር ይጠጣል።

አገባቡ፦ በ5 በመቶ ሙቀት ጀምሩ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት አቆዩት፣ ከዚያ በ3 በ3 ጨምሩ። በየደረጃው የትኩስ ሚሉን (ወደ ኪልን የሚገባውን የሞቀ ጥሬ ዱቄት) ክሎሪንና ሰልፈር በየፈረቃው መለካት፣ ራይዘሩን መፈተሽ። የእንጨቱ መግቢያ ነጥብ የሦስተኛው አየር (ከክሊንከር ማቀዝቀዣው የሚመጣው ትኩስ አየር) ከሚገባበት ትንሽ ከፍ ብሎ ይሁን፤ ትኩስ ኦክስጅን እዚያ አለ። ኢንተርሎኩ ላይ አትደራደሩ፦ ካልሳይነሩ ከ800 ዲግሪ ሲወርድ፣ ሲኦው (ካርቦን ሞኖክሳይዱ) ከገደቡ ሲያልፍ፣ አይዲ ፋን ሲቆም እንጨቱ በራሱ ይቁም። ማጣሪያው ኤሌክትሮስታቲክ (ብናኝን በኤሌክትሪክ የሚይዝ) ከሆነ ደግሞ የሲኦው ገደብ ይበልጥ ይጥበቅ።

ላብ_9

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከሰሉን ከየት እንደምትቀንሱም ወስኑ። የካልሳይነሩን ከሰል ብቻ ነው የሚቀነሰው፤ የዋናውን በርነር አትንኩ። የሙቀት መቆጣጠሪያው ሉፕ በከሰሉ ላይ ይቆይ፣ እንጨቱ ቋሚ ይሁን። እርጥበቱ ከመኪና መኪና ስለሚለዋወጥ ሉፑን እንጨቱ ላይ ካደረጋችሁት ካልሳይነሩ ሲወዛወዝ ያድራል።

ኪልን_ጠባቂ

ገባኝ። የአቅራቢው 30 በመቶ በደረቅ ክብደት ሆኖ ተገኘ፤ በእርጥብ 23 ነው። በቀን 149 ቶን።

ሚዛን

149 ልክ ነው። ግን ያ 23 የማን ናሙና ነው፣ ከላይ የተዘገነ ወይስ ሲገለበጥ የተወሰደ?